የአንገር ጭቃና የሃርድቶፑ ፓራፋንጎ

አንገር ጉቲን ከነቀምት ተነስቶ ዓባይን ተሻግሮ ቡሬ በሚገባው መንገድ ላይ ያለች የምሥራቅ ወለጋ ቆላ ከተማ ናት። ነቀምት ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትቀመጥ፣ አንገር ጉቲን ከ1500 ሜትር በታች ወርዳ በአንገር ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። አንገር ወደ ዴዴሳ፣ ዴዴሳም ወደ ዓባይ ይገባል። ዝናቡ ረጅም፣ አፈሩ ቀይ ነው፤ በቆሎና ሰሊጥ ከየቀበሌው የሚወጣበት መንገድ ደግሞ ብዙው አፈር ነው። ይህ ምልልስ በከተማዋ መንገድ ዳር፣ አንድ የባትላሜራ ጋራዥ ደጃፍ ላይ የሚደረግ ነው። ሁለቱን ሰዎች ጸሐፊው ፈጥሯቸዋል፤ ሃርድቶፕ የሚባለውን መኪናና መንገዱን ግን በዚያ ያለፈ ሁሉ ያውቃቸዋል።

ሾፌሩ፦ አካም ጋሼ! እንደምን አደሩ?

ባትላሜራው፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ ደግሞ ምን አጣምመህ መጣህ?

ሾፌሩ፦ ዛሬስ የተጣመመ የለም፤ ላሳምራት ነው የመጣሁት። ባለቤቱ ሃርድቶፑን ከፍ አስደርጓታል። የፊቱ ሞላ ተቀይሯል፣ ኋላ አንድ ነጠላ ባሌስትራ ተጨምሯል፣ ጎማውም 285 ሆኗል። ቸርኬውም ሰፊ ነው። አሁን ግን ጎማው ከቦዲው ውጭ ቀረ። እስቲ ስልኬ ላይ ይዩት፤ ይሄን ጥቁር የፕላስቲክ ፓራፋንጎ ከአዲስ አበባ እናስመጣና እርስዎ ይግጠሙልኝ።

ባትላሜራው፦ ስልኩን ለጊዜው ኪስህ ክተተው። ጎማው የሚነካው የት ላይ ነው?

ሾፌሩ፦ መሪ ጥግ ድረስ ሳጥፍ ይነካል። ደግሞ ሰውና ጆንያ ጭኜ ጉድጓድ ውስጥ ስገባ ኩርርር ይላል።

ባትላሜራው፦ ግራው ነው ቀኙ? ከፊት ጠርዝ ነው ወይስ ከበሩ በኩል?

ሾፌሩ፦ ግራው ይብሳል መሰለኝ። የትኛው ጠርዝ እንደሆነ ግን አላየሁም።

ባትላሜራው፦ እንግዲያው ፓራፋንጎ ለመግዛት ገና ነህ። ሰዉ ሁሉ ከፎቶው ይጀምራል። ፎቶው ላይ ያለችው መኪና ጎማዋ ስንት እንደሆነ፣ ስንት እንደተነሳች፣ ምን ላይ እንደምትሄድ አይጻፍም። ለመሆኑ ጌታህ ለምን ከፍ አስደረጋት?

ሾፌሩ፦ ጭቃ ላይ ሆዷ እየተቀመጠ አስቸገረን እኮ! ዲፈረንሻሉ ነው ጭቃውን እንደ ማረሻ የሚያርሰው።

ባትላሜራው፦ ሞላና ባሌስትራ ዲፈረንሻሉን አንድ ሚሊ ሜትር አያነሱትም። ዲፈረንሻሉ አክስሉ ላይ ነው ያለው፤ አክስሉ ጎማው ላይ ነው። ሞላው የሚያነሳው ሻንሲውንና ቦዲውን ነው። ዲፈረንሻል ከፍ የሚለው ጎማው በቁመት ሲያድግ ብቻ ነው። የድሮው ጎማህ ስንት ነበር?

ሾፌሩ፦ 7.50 በ16፤ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው።

ባትላሜራው፦ እሱ ከአፈር እስከ አናቱ ወደ 81 ሴንቲ ሜትር ነው። 285/75 በ16 ደግሞ 83 ተኩል አይሞላም። ልዩነቱን ለሁለት ክፈለው፤ አክስልህ ከፍ ያለው 1 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ነው። በወርዱስ? የድሮው 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የአሁኑ 28 ተኩል። ቁመት ፈልጋችሁ ወርድ ገዛችሁ። አሁን የምትፈልገው ፓራፋንጎ የዚያ የወርዱ ዕዳ ነው።

ሾፌሩ፦ ወርዱም እኮ ይጠቅማል ጋሼ። ሰፊ ጎማ ጭቃ ላይ አይሰምጥም ይላሉ።

ባትላሜራው፦ አሸዋ ላይ እውነት ነው። አፋር ወይ ኦጋዴን ብትነዳ አመሰግንህ ነበር። ታች የሌለው ረግረግም ላይ ይረዳል። የኛ ቀይ አፈር ግን አብዛኛውን ጊዜ ላዩ ነው የሚያንሸራትተው፤ ከስሩ የረገጠ መሬት አለ። ቀጭኑ ጎማ ላዩን ቆርጦ ያንን ይይዛል። ሰፊው ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ወደ ቦዩ ይሄዳል። ዩኤንና እርዳታ ድርጅቶች ሃርድቶፖቻቸውን ዕድሜ ልካቸውን በ7.50 ሲነዱ አይተህ የለ? ከድህነት ነው?

ሾፌሩ፦ እሺ፣ ተገዝቷል አሁን። አዲሱ ጎማ ይጣል ነው የሚሉኝ? ባለቤቱ ምን ይለኛል!

ባትላሜራው፦ አይጣልም፤ ይለቅ። ሲያልቅ ግን ወደ 7.50 ወይም ወደ 235/85 ተመለሱ። ቁመቱ ያው 80 ከምናምን ነው፣ የፋብሪካው ፓራፋንጎ ውስጥ ይገባል፣ ምንም መግዛት የለባችሁም። እስከዚያው ምን እናድርግ የሚለውን እንነጋገር። ና፣ ያቺ ቦይ አጠገብ ውሰዳት። ፊት ቀኙን ጉብታው ላይ አውጣው፣ ኋላ ግራውን ሌላው ጉብታ ላይ። አክስሎቹ በተቃራኒ ይጠማዘዙ። ሌላ ሰው መሪውን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ጥግ ድረስ ያጥፈው። የጎማውን ትከሻ ኖራ ቀባው፤ የት እንደሚነካ ራሱ ይጽፍልሃል።

(ሁለቱ መኪናዋን ቦዩ ላይ አውጥተው፣ የጋራዡ ልጅ መሪ ሲያጥፍ፣ በኖራው ምልክት ላይ አጎንብሰው ይቆያሉ። ግራው ላይ ኖራው ከበሩ በኩል ካለው ጠርዝ፣ ቀኙ ላይ ደግሞ ከፓራውልቱ ጫፍ ላይ ብቻ ይገኛል።)

ሾፌሩ፦ ግራና ቀኙ እንዴት ይለያያል? መኪናዋ አንድ ናት፣ ጎማውም አንድ።

ባትላሜራው፦ ይሄውልህ፣ ከስር ገብተህ እይ። ይሄ በአግድም የሄደው ዘንግ አክስሉን ከሻንሲው ጋር ያያይዘዋል፤ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። ርዝመቱ አይለወጥም። መኪናዋ 5 ሴንቲ ሜትር ስትነሳ የዘንጉ አንድ ጫፍ አብሮ ይነሳል፤ ያኔ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ጥቂት ሚሊ ሜትር ይስበዋል። ስለዚህ አንደኛው ጎማ ወደ ውስጥ፣ ሌላኛው ወደ ውጭ ሆነ። ፓራፋንጎ ሻጩ ይሄን አያውቅም፤ ግራና ቀኝ እኩል አድርጎ ይሸጥልሃል። ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ቢገኝ አክስሉ ወደ መሃል ይመለስና ግማሹ ችግርህ ያለ ፓራፋንጎ ያልቃል። ቀጥታ ስትሄድስ መሪው ይዋልላል?

ሾፌሩ፦ ይዋልላል! እንዴት አወቁ? ከነቀምት ወደ ባኮ አስፋልቱ ላይ በጣም ነው የሚያደክመኝ።

ባትላሜራው፦ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ሃርድቶፕ ፊቱ በሞላ ነው፤ አክስሉን ከኋላ ሁለት ክንዶች ይይዙታል። ቦዲው ሲነሳ ክንዶቹ አክስሉን ያዞሩታል፤ መሪው ራሱን ወደ ቀጥታ የሚመልስበት ማዕዘን ይቀንሳል። ይሄ የመካኒክ ሥራ ነው እንጂ የኔ አይደለም። ግን ፓራፋንጎ ሳይሆን ይሄ ይቅደም። እኔ ቆርጬ፣ ለክቼ ከገጠምኩ በኋላ አክስሉን ወደ ቦታው ከመለሳችሁት ልኬ ሁሉ ከንቱ ነው።

ሾፌሩ፦ እሺ እሱ ይቅደም። ከዚያ በኋላስ? ፕላስቲኩን አይወዱትም ማለት ነው?

ባትላሜራው፦ አልጠላውም። ፕላስቲክ የራሱ ጥቅም አለው፤ አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ ሲመታም ይሰበራል።

ሾፌሩ፦ መሰበሩ ጥቅም ነው?

ባትላሜራው፦ አዎ! ጉቶ ሲመታው ተገንጥሎ ይወድቃል፤ ቦዲውን ይዞ አይጣመምም። ብረት ቢሆን ያው ጉቶ ብረቱን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፣ የታጠፈውም ጠርዝ የጎማውን ጎን እንደ ቢላ ይሰነጥቀዋል። በብረት ፓራፋንጎ የሚመጻደቅን ሰው ሁሉ ይሄን አስታውሰው።

ሾፌሩ፦ ታዲያ ለምን አልገጥምም? ራስዎ መሰከሩለት እኮ።

ባትላሜራው፦ ከተሰበረ በኋላ ምን ታደርገዋለህ? እዚህ ማንም አይጠግነውም። አንዱ ጎን ብቻ አይሸጥም፤ አራቱን አንድ ላይ ትገዛለህ። ደግሞ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ መፈለግ፣ ሲገኝ በጭነት መላክ አለበት። ይሄ መንገድ በጸጥታ ችግር የተዘጋባቸውን ጊዜያት አንተ ከኔ ይልቅ ታውቃቸዋለህ፤ አንድ ፊልትሮ እንኳ ስንት ሳምንት ይጠብቅ ነበር። ብሩም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በየጊዜው ሌላ ዋጋ ነው። ፀሐዩም አለ፤ ርካሹ ፕላስቲክ እዚህ ቆላ ላይ ሁለት በጋ ቢቆይ ይነጣል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ጠጠር ሲነካው ይፈረፈራል።

ሾፌሩ፦ ፋይበር ግላስስ? እሱ ይጠገናል ይባላል።

ባትላሜራው፦ ይጠገናል። ሙጫውና ጨርቁ ካለህ፣ ቀኑም ደረቅ ከሆነ፣ ስንጥቁን አጽድተህ ትደርብበታለህ። እኔ ግን አልመርጠውም። ጠጠር ከውስጥ ሲመታው ከላይ ቀለሙ በኮከብ ቅርጽ ይሰነጠቃል፤ በዚህ መንገድ ደግሞ ጠጠሩ የማይመታበት ቀን የለም። ለሰልፍ መኪና ይሁን።

ሾፌሩ፦ አሉሚኒየም?

ባትላሜራው፦ ላንድሮቨርን አስታወስከኝ! እናንተ ልጆች አታውቁትም። የወባ ማጥፊያ ሰዎች በየቆላው የሚዞሩበት መኪና እሱ ነበር፤ ይሄ የአንገር ሸለቆ ደግሞ የወባ አገር ነው። የላንድሮቨር ቦዲ አሉሚኒየም ነው። አይዝግም፣ ፓራፋንጎውም በብሎን ተይዞ በቀላሉ ይወልቃል። እስከ ዛሬ ሣር ውስጥ ወድቆ ያልዛገ ታገኛለህ። አንዴ ከተቀደደ ግን የኔ የብየዳ ማሽን አይሠራለትም፤ አሉሚኒየም በተራ ኤሌክትሮድ አይበየድም። ብትመታው ቶሎ ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል። ሪቬት መትተን ቁራጭ እንደርብበት ነበር። መልኩ ይቅርብህ!

ሾፌሩ፦ እንግዲያው ብረት ሊሉኝ ነው።

ባትላሜራው፦ ገና አላልኩም። ያ ስልክህ ላይ ከኋላ ያየሁት ምንድን ነው? ያ በቧንቧ የተሠራው?

ሾፌሩ፦ እሱ የአሜሪካኖቹ ነው፤ ለጂፕ የሚገጥሙት። ጠፍጣፋ፣ ከፍ ያለ፣ ከስሩ ክፍት። አያምርም?

ባትላሜራው፦ ያምራል። የድሮው የጦር ሠራዊት ጂፕ፣ እ.ኤ.አ. የ1941ዱ፣ ፓራፋንጎው ጠፍጣፋ ነበር፤ ላሜራ አጥፎ ቶሎ ለማምረት ይመቻል፣ ወታደርም ይቀመጥበታል። ይሄኛው ግን ለድንጋይ አገር ነው። በደረቅ ቋጥኝ ላይ ቀስ ብሎ ለሚወጣ ሰው ጎማው ወደ ላይ የሚወጣበት ሰፊ ቦታ ይሰጣል። ከስሩ ክፍት ስለሆነ ግን ጭቃውን ሁሉ ወደ መስታወቱ ያነሳዋል። በክረምት ከዚህ ኪራሙ ድረስ ብትሄድ በየአምስት ደቂቃው ወርደህ መስታወት ስትጠርግ ትውላለህ። የጭቃ አገር ፓራፋንጎ ጎማውን መሸፈን አለበት።

ሾፌሩ፦ ምን ያህል ነው መሸፈን ያለበት? ባለቤቱ «ትንሽ ወጣ ቢል ያምራል» ነው የሚለኝ።

ባትላሜራው፦ ወርዱን ሙሉ። መሬት የሚነካው የጎማ ክፍል ከላይ ሲታይ አንድ ጣት እንኳ መውጣት የለበትም።

ሾፌሩ፦ አንድ ጀርመን አገር የሚኖር የአጎቴ ልጅ ነግሮኝ ነበር። እዚያ ጎማው ከወጣ መኪናው ምርመራ አያልፍም አለኝ። ልኩ መጀመሪያ በ1978 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ መመሪያ የወጣ ነው፤ ከጎማው እምብርት ወደ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምረህ፣ ከዚያ ወደ ፊት 30 ዲግሪ፣ ወደ ኋላ 50 ዲግሪ ድረስ ጎማው በሙሉ ወርዱ መሸፈን አለበት ይላል።

ባትላሜራው፦ ጥሩ ልክ ነው። እምብርቱ ላይ ሲባጎ አስረህ ትለካዋለህ። ወደ ኋላ የሚበዛውም በምክንያት ነው፤ ጎማው ሲዞር ጠጠሩንና ጭቃውን የሚወረውረው ወደ ኋላና ወደ ላይ ነው። የሚያርፈውስ ማን ላይ ነው? የገበያ ቀን ዳር ዳሩን የምትሄደው ሴት ላይ ነው። አንተ ከውስጥ ሆነህ አታየውም። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ጎማቸው ከወጣ መኪኖች የተወረወረ ጠጠር የዚያን ሱቅ መስታወት ሲሰብር አይቻለሁ። የኛም አገር አዋጅ አለ፤ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ የሚለው፣ ቁጥር 681/2002። ቦሎ ለማደስ ስትሄድ መርማሪው ጎማውን ከቦዲው ውጭ ቢያየው አስተካክለህ ና ቢልህ አትጣላው።

ሾፌሩ፦ አንድ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ምንም ሳንገጥም የፋብሪካውን ፓራፋንጎ ብንቆርጠውስ? የሚነካበትን ብቻ። ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ባትላሜራው፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች! የፊቱ ፓራፋንጎ በብሎን የተያዘ ነው፤ ቢበላሽ ፈትተህ ሌላ ታስራለህ፣ ሶማሌ ተራም ይገኛል። የኋላው ግን በሃርድቶፕ ላይ ራሱ ቦዲው ነው፤ ከውስጥና ከውጭ ሁለት ላሜራ ተጣብቆ ነው የቆመው። ስትቆርጠው ሁለቱ ይለያያሉ። መልሰህ ካልበየድከው ጭቃና ውሃ በመካከል ይገባል፤ ከዚያ ከውስጥ ነው የሚበላህ። በሚቀጥለው ክረምት ጣትህን ብትጫነው ትበሳዋለህ። የፊቱንም ቢሆን ዝም ብለህ አትቁረጥ። በቀኝ በኩል የአየር መሳቢያው በፓራፋንጎው ውስጥ ያልፋል፤ ኤሌክትሪኩም አለ። ከፍታው እኮ ውሃ ለመሻገርም ይፈለጋል፤ የአየር መንገዱን ቀደህ ወንዝ ብትገባ ሞተሩ ውሃ ይጠጣል።

ሾፌሩ፦ ታዲያ ሁሉንም ከለከሉኝ። ፕላስቲክ አይሆንም፣ ፋይበር አይሆንም፣ ቧንቧ አይሆንም፣ መቁረጥ አይሆንም። ምን ልበል ለሰውየው?

ባትላሜራው፦ ስማኝ፣ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ የፓራፋንጎውን የውስጥ ከንፈር አያለሁ። የፋብሪካው ላሜራ ጠርዙ ላይ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ጎማው የሚነካው ያንን እጥፋት ነው። አይቆረጥም፤ ቀስ ብሎ በመዶሻና በድጋፍ ወደ ላይ ይጣጠፋል፣ ከላሜራው ጋር ይተኛል። ያ ብቻ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቦታ ይሰጥሃል። ቀለሙ ከተሰነጠቀ አንቲረስት ቀብተን እንሸፍነዋለን። ግራው ከበሩ በኩል ያለው ንክኪ፣ አክስሉ ወደ መሃል ከተመለሰ፣ በዚህ የሚጠፋ ይመስለኛል። የፓራውልቱ ጫፍ ግን ይቆረጣል፤ እሱ ወፍራም ብረት ነው፣ አያሳዝንም።

ሾፌሩ፦ መንካቱ ቀረ እንበል። የወጣውስ ጎማ?

ባትላሜራው፦ ለወጣው ቅጥያ እሠራልሃለሁ። ከቦዲው ጋር የሚያያዘው ክፍል ብረት ይሁን፤ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ወርዱ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር፣ በጎማው ቤት ቅርጽ የታጠፈ። ከእሱ ወደ ውጭ የሚወጣው ግን ላስቲክ ይሁን። ጉቶ ሲመታው ይታጠፋል፣ ሲያልፍ ይመለሳል። ወደ ውስጥ ቢታጠፍ ጎማውን አይቀድም። ሰው ቢነካው አይቆርጠውም። ቢቀደድ አሮጌ ነገር ቆርጬ በአንድ ሰዓት እተካዋለሁ። መርካቶ ጎማ ተራ ሰዎቹ ከአሮጌ ጎማ የማይሠሩት ነገር የለም፤ እኔም የፋብሪካ ማመላለሻ ቀበቶ ቁራጭ አለኝ፤ በውስጡ ጨርቅ አለው፣ አይለጠጥም። ካላማዳሪ ለዚህ አይሆንም፤ ስስ ነው፣ ሲሄዱ ይርገበገባል።

ሾፌሩ፦ አያምርማ!

ባትላሜራው፦ ጠርዙን አስተካክዬ ከቆረጥኩት፣ ብሎኖቹንም እኩል ካራራቅኳቸው ከዚያ ፕላስቲክህ አያንስም። ጥቁር ነው ያው።

ሾፌሩ፦ ብሎኑን ቦዲው ላይ ነው የሚበሱት? የዝገቱ ጉዳይስ? አሁን ስለ ዝገት ሲያስፈራሩኝ ነበር።

ባትላሜራው፦ ይሄ ጥያቄ ከዚህ ሁሉ ወሬህ የተሻለ ነው። ፓራፋንጎ የሚገጥም ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ያ የፎቶው ፕላስቲክ ከጥቅሉ ጋር ራሱን እየበሳ የሚገባ ብሎን ይመጣለታል፤ ልጆች በድሪል ፈጥነው ያስገቡታል፣ ቀዳዳው ባዶ ብረት ሆኖ ይቀራል። ሌሎቹ በማጣበቂያ ይለጥፉታል፤ ላቫጆ ላይ ውሃው በግፊት ሲመታው ይላቀቃል። ከሁሉም የከፋው ግን በቅጥያውና በቦዲው መካከል የሚገባው ጭቃ ነው። ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ይቀመጣል፣ አንተ አታየውም። እኔ ግን በተቻለ መጠን አዲስ ቀዳዳ አልበሳም። የፊቱ ፓራፋንጎ ከውስጥ የራሱ ብሎኖች አሉት፤ የላሜራውን እግር እነሱ ላይ አስራለሁ። ኋላ ግድ ከሆነ ጥቂት እበሳለሁ፤ እያንዳንዱን ቀዳዳ አንቲረስት ሁለት ጊዜ እቀባለሁ፣ ብሎኑ በላስቲክ ቀለበት ላይ ይቀመጣል፣ ከውስጥ በዳዶ ይታሰራል። ከታች ጫፉ ላይ ደግሞ ሆን ብዬ ክፍተት እተዋለሁ፤ የገባው ጭቃ በዚያ ታጥቦ ይውጣ። ሙሉ በሙሉ አሽገዋለሁ የሚልህን አትመን፤ ማንም የአንገርን ጭቃ አያሽገውም። ዋናው መውጫ መስጠት ነው።

ሾፌሩ፦ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከልስ ምን ያህል ይተዉ? የኛ ጭቃ እኮ ይጠቀለላል፤ ባለፈው ክረምት ጎማው መዞር እስኪያቅተው ሞልቶብን በዱላ ስናወጣ ነበር።

ባትላሜራው፦ በድሮው ጎማ እንኳ እንዲያ ሆኗል? እንግዲያው ራስህ መለስከው። ጎማ ባሰፋህ ቁጥር ጭቃው የሚወድቅበት ቦታ ይጠባል። አክስሉ እስከ ማቆሚያ ላስቲኩ ድረስ ወጥቶ ሳለ ቢያንስ አራት ጣት ክፍተት እንዲኖር ነው የምለካው። ለዚህ ሞላውን አውልቄ አክስሉን በክሪክ ወደ ላይ እገፋዋለሁ፤ ባዶ ቆማ የተለካች መኪና ዋጋ የላትም። የቆመች ስታያት ሰፊ ነው፤ ስድስት ኩንታል ስትጭንባት አክስሉ ወደ ፓራፋንጎው ይወጣል። ባለቤቱ መኪናዋን ከፍ ያስደረጋት ሲጭንባት መልሳ እንድትወርድ ነው እንዴ? ካልበቃት ማቆሚያ ላስቲኩን ማስረዘም ነው፤ ከዚያ ጉድጓድ ላይ ትንሽ ትመታለች፣ ጎማዋ ግን አይፋቅም።

ሾፌሩ፦ ኩሽኔታውንም ይበላዋል ይላሉ ሰፊው ቸርኬ። እውነት ነው?

ባትላሜራው፦ እውነት ነው። ቸርኬው ጎማውን ወደ ውጭ በገፋው መጠን ኩሽኔታው የሚሸከመው ጫና ይጨምራል። መሪውንም ያከብደዋል፤ መሪ ስታጥፍ ደግሞ ጎማው ሰፊ ቅስት ስለሚሠራ ጠርዞቹን ይነካል። የድሮው ቸርኬ ቤት ካለ አትሽጡት። የ285ቱን ጎማ አይሸከምም፤ ወደ 7.50 የምትመለሱበት ግን እሱ ነው።

ሾፌሩ፦ አልተሸጠም፤ እህል ቤት ውስጥ ነው።

ባትላሜራው፦ ተመስገን። አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለጌታህም ንገረው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጥሏል። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የግል መኪና ከውጭ እንዳይገባ ታግዷል። ይቺ ሃርድቶፕ ስትሄድ የምትተካው ሌላ በቀላሉ አይመጣም። ስለዚህ በቦዲዋ ላይ መመለስ የማይቻል ነገር አልሠራም። እኔ የምገጥመውን ነገር ሌላ ሰው በሌላ ቀን በቁልፍ ፈትቶ ሊያወርደው መቻል አለበት።

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ ሰውየው ግን ፎቶውን አይቶ ልቡ ሄዷል። «ባትላሜራው ላስቲክ ገጠመልኝ» ብሎ ቢቆጣስ?

ባትላሜራው፦ ፎቶው ላይ ያለው አንድ ክረምት እንዴት እንደሚያልፍ ጠይቀው። የምሠራው ፓራፋንጎ ሲበላሽ የሚጠግነው እዚሁ አለ፤ ፕላስቲኩ ሲሰበር የሚጠግነው የለም። በእርግጥ ሥራው አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ቢሆን ኖሮ ፕላስቲኩን ግጠም እለው ነበር።

ሾፌሩ፦ እሺ። ቅደም ተከተሉን ይንገሩኝ፤ ለእሱ በስልክ ልንገረው።

ባትላሜራው፦ ነቀምት ያለ መካኒክ የመሪውን ማዕዘንና ያንን የአግድም ዘንግ ያስተካክል። ከዚያ እኔ ጋ ና። ከንፈሩን አጣጥፋለሁ፣ የፓራውልቱን ጫፍ እቆርጣለሁ፣ አራቱንም በላሜራና በላስቲክ እቀጥላለሁ፣ ኋላ የጭቃ መከላከያ ላስቲክ እሰቅላለሁ። መብራቱንም ዝቅ አስደርጉት፤ መኪናዋ ስትነሳ አብሮ ተነስቶ የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል። ፕላስቲኩ አይገዛ።

ሾፌሩ፦ ስንት ይጠይቁኛል?

ባትላሜራው፦ ዋጋ የምናገረው ሻንሲውን ሳየው ነው፤ አሁን የማየው ጭቃ ብቻ ነው። ላቫጆ አስገብተህ ከስሯ አሳጥበህ አምጣት፤ ባልታጠበ መኪና ላይ አልለካም።